ወፍ የበላው ሞተር

ጋሽ አጥፋው በእረፍት ቀኑ ማለዳ፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ የቧንቧ ውሃ ለቃ በስልክ ስታወራ ሰማ። ውሃ ለቃ የምታወራው ሰው እንዳይሰማት ስትፈልግ ብቻ ስለሆነ ጆሮውን አቆመ። «የኔ ወንድም፣ ዛሬን ብቻ እንደምንም ብለህ ሥራ አስገባልኝ» ትላለች። «ሥራ ከሌለም ፍጠርለት። ሰዎቹ ቀን ላይ ነው የሚገቡት፤ እስኪመሽ ያዝልኝ። እዚህ ካለ አይቶ አይቶ የሆነ ነገር ያወጣባቸዋል። መቼም አንተ ታውቀዋለህ።» ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ሳይስቅ አልቀረም፤ እሷም አብራ ሳቀችና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ውሃውን ዘጋች። ጋሽ አጥፋው መላጫውን ጉንጩ ላይ እንዳስደገፈ ቀረ። በትዳር ዘመኑ ብዙ ተብሏል፤ ከገዛ ቤቱ በገዛ አለቃው ትብብር ሲባረር ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ሰዎቹ የተባሉት የሴት ልጁ እጮኛ ወላጆች ናቸው። ከሌላ ከተማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቤቱን ሊያዩና ልጅቷን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ መጋረጃ ስታጥብ፣ ወንበር ከጎረቤት ስትዋስ፣ ግድግዳው ላይ የተላጠውን ቀለም በሥዕል ስትከልል ከርማለች። ሊከለል ያልቻለው ባሏ ብቻ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሴትየዋ ያለ ምክንያት አልፈራችም። የጋሽ አጥፋው ሥራ ስንጥቅ መፈለግ ነው። አውሮፕላን የሚጠገንበት ድርጅት ውስጥ፣ በጥቁር መጋረጃ በተከለለች ጨለማ ክፍል ተቀምጦ፣ ከሞተር የተፈቱ ብረቶችን በሚያበራ ቀለም እየነከረ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ያወጣል። ስሙም የወጣለት ከዚያው ነው። መጋረጃውን ገልጦ ብርሃን ያስገባበትን ሁሉ «አጥፋው!» እያለ ስለሚጮህበት፣ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውሰው የለም። ችግሩ ዓይኑን ሥራ ቦታ ትቶት አለመምጣቱ ነው። ብርጭቆ ሲሰጡት ከመጠጣቱ በፊት ወደ መስኮት አንስቶ ያየዋል። ሰው ቤት ሲጋበዝ ሳህኑን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። የልጁ እጮኛ መጀመሪያ የመጣ ቀን፣ ወጣቱ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል፣ «መነጽርህ ማጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል፤ ብዙ አይቆይም» አለው። መነጽሩ ምሳ ሳያልቅ ለሁለት ተከፍሎ ሾርባ ውስጥ ገባ። ትክክል እንደነበር ሁሉም አየ፤ ይቅር ያለው ግን የለም። እንዲያውም ሚስቱ፣ እሱ ዝም ቢል ኖሮ መነጽሩ አይሰበርም ነበር ብላ እስከ ዛሬ ታምናለች።

አረፋውን ሳይጨርስ ስልኩ ጠራ። «ጋሼ፣ በእረፍትህ ይቅርታ፣ አስቸኳይ ሥራ ገጥሞን...» አለ አለቃው፣ ውሸት ያልለመደበት ሰው እንደሚያደርገው እየተቻኮለ። ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ዛሬ? ሰዎቹ በሚመጡበት ቀን? ኧረ እንዴት ያሉ ጨካኞች ናቸው!» አለች። ከኋላዋ የምሳ ዕቃው ሞልቶ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል። ጋሽ አጥፋው የምሳ ዕቃውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ዕቃውን አነሳ። ልጁ በሩ ላይ ቆማ «ቻው አባዬ» ስትለው የገዛ ጫማዋን ጫፍ ነበር የምታየው። እሷም ታውቃለች ማለት ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ ምን አደረግኩ፣ እያለ ይከራከራል ከራሱ ጋር፤ ያየሁትን ማየቴ ነው ጥፋቴ? ቀጥሎ ደግሞ ያቺ ሳቋ ትዝ ትለውና እንደገና ይነደዋል። በመጨረሻ ቆረጠ። ዛሬ ምንም ነገር ላያይ፣ ምንም ነገር ላይ እንከን ላያወጣ፣ የመጣውን ሁሉ «ጥሩ ነው» ብሎ ሊያሳልፍ ለራሱ ማለ። ፊት ለፊቱ ያለው የአውቶቡሱ መስኮት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ጋሽ አጥፋው ዓይኑን ጨፈነ።

አለቃው ከሱ በዕድሜ የሚያንስ፣ ደግ፣ ሰውን እምቢ ማለት የማይሆንለት፣ በዚህም ምክንያት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ምስጢር ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነው። ዛሬ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተው። አስቸኳይ የተባለው ሥራ፣ ለተለማማጆች ማስተማሪያ የተቀመጡትን፣ ስንጥቃቸው ከታወቀ ዘመን ያለፈና በቀይ ቀለም የተከበበ አሮጌ ብረቶች «እንደገና ማየት» ሆኖ ተገኘ።

«መሰንጠቃቸውን ተጠራጠርክ?» አለው ጋሽ አጥፋው።

«ለማረጋገጥ ያህል ነው ጋሼ።»

«እሺ። ጥሩ ነው» አለ። አለቃው ይሄንን ቃል ከሱ አፍ ሰምቶ ስለማያውቅ ደነገጠ፤ አሞታል ብሎ አሰበ።

የመጀመሪያውን ሻዩን ሳይጨርስ እውነተኛው ጥድፊያ መጣ። ማለዳ ያረፈው አውሮፕላን መሬት ሊነካ ሲል አንዱ ሞተር ወፍ በልቷል። ሞተሩ ፊት ላይ እንደ ትልቅ ማራገቢያ ከሚሽከረከሩት የብረት ክንፎች፣ ብሌድ ከሚሏቸው፣ ጥቂቶቹን ወፏ መትታቸዋለች፤ መካኒኮቹ ፈትተው፣ ላባና ደሙን አጥበው፣ በጋሪ እየገፉ ወደ ጨለማው ክፍል አመጧቸው። አለቃው ከጋሪው ኋላ እየሮጠ «ጋሼ፣ ዛሬስ አምላክ ነው ያመጣህ!» ካለ በኋላ፣ ማን እንዳመጣው ትዝ ሲለው ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ጋሽ አጥፋው እጅጌውን ሰበሰበ። እጁ ሥራ ሲይዝ ሆዱ ቂም አይዝም። ብሌዶቹ እንደገና ታጥበው ከደረቁ በኋላ ቀለሙን አለበሳቸው። ይሄ ቀለም ፀጉር በማያስገባ ስንጥቅ ውስጥ ሾልኮ የሚገባ ነው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ያቻኮሉት እንደሆነ ሳይገባ ይቀርና ሰውን ያሳስታል። ሰርጎ እስኪገባ ጠበቀ። ከዚያ በስሱ በውሃ አለቀለቃቸው፤ ላዩ ላይ ያለው እንዲሄድ፣ ውስጥ የተደበቀው እንዲቀር። ሞቅ ባለ ምድጃ አደረቃቸውና ከዱቄት የላመ ነጭ ብናኝ ነፋባቸው። ብናኙ በተራው የተደበቀውን ቀለም እየመጠጠ ወደ ላይ ያወጣዋል። የቀረው መጋረጃውን ዘግቶ፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ቁጭ ማለት ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ይሄን መቀመጥ አይወደውም። እሱ ግን ከሥራው ሁሉ የሚወደው ይሄንን ነበር፤ ዛሬ ግን ቁጭ ባለበት የሚስቱ ድምፅ ይሰማው ጀመር።

ቀለሙን የሚያጋልጠውን ሐምራዊ መብራት ሲያበራ የሸሚዙ አንገት በታጠበበት ሳሙና ምክንያት ቦግ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የወደቁ የጨርቅ ክሮች እንደ ከዋክብት አበሩ። የመጀመሪያው ብሌድ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ምንም የለውም። «ጎሽ» ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሁለተኛውም ንጹሕ ነው። ጋሽ አጥፋው ደስ አለው፤ እንኳን ማልኩ አለ። ሌላውን አነሳ፤ ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት እግሩ ጥግ ላይ አንዲት ቢጫና አረንጓዴ የሆነች፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል መስመር ታበራለች።

ክር ነው፣ አለ ለራሱ። ክር ቢሆን ደስ ባለው። ጫፏ በአልኮል በራሰች ብሩሽ ጠረጋት፤ ጠፋች። ክር ነበር ማለት ነው። ግን ወጉ ነውና እንደገና ብናኝ ነፋባትና ጠበቀ። ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ተመልሳ መጣች።

በዚህ መሃል አለቃው ከመጋረጃው ውጭ ይንቆራጠጣል። «ጋሼ፣ እንዴት ነው? ይሄ አውሮፕላን ሄዶ የሚያመጣቸው ተሳፋሪዎች እዚያ ተሰልፈው ነው ያሉት። ሰዎቹም እኮ በሱ ነው የሚመጡት።»

«የትኞቹ ሰዎች?» አለ ጋሽ አጥፋው ከጨለማው ውስጥ።

ከመጋረጃው ወዲያ መንቆራጠጡ ቆመ። አለቃው ምላሱን ነክሷል።

ጋሽ አጥፋው መስመሯን እያየ ቁጭ አለ። አሁን ገባው። ይሄ ብሌድ ከተጣለ፣ ሚዛኑ እንዳይዛባ ፊት ለፊት ያለው ጓደኛውም አብሮ ይቀየራል፤ መለዋወጫው ከሌላ መጋዘን መምጣት አለበት፤ አውሮፕላኑ እስኪመሽ አይነሳም። ሰዎቹ የሚደርሱት እሱ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። የሚስቱ ዕቅድ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። እና ማን ያምነዋል? ሰምቶ፣ ቂም ይዞ፣ ጨለማ ውስጥ ተደብቆ ተበቀለን ነው የሚሉት። እስከ መቃብሩ ድረስ፣ በየሰርጉ፣ በየልደቱ ይነገርበታል። ደግሞ መስመሯ ይህችን ታህላለች። ከሱ በቀር ያያት የለም። ማለዳ «ጥሩ ነው» ሊል ምሎ የለ? ቃሏን አፉ ውስጥ ይዞ አገላበጣት። ከዚያ የማያውቃት ሴትዮ፣ የልጁ አማት የምትሆነው፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ በዚያ ሞተር አጠገብ ባለው መስኮት ስትቀመጥ ታየችው።

«ተሰንጥቋል!» ብሎ ጮኸ።

መጋረጃው ተገለጠ። «አጥፋው!» መጋረጃው ተከደነ። አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ... ቂም ይዘህ እንዳይሆን?» አለ።

«ግባና ራስህ እይ። ግን መጀመሪያ ቁጭ በል፤ ዓይንህ ይልመድ።»

ሁለቱ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጠበቅ ነው። መተያየት ስለሌለ አለቃው ጥቂት ቆይቶ መናዘዝ ጀመረ። እትዬ ስትለምነው እምቢ ማለት እንዳልቻለ፣ ልቧ ክፉ ሆኖ እንዳልሆነ፣ ጭንቀት እንጂ ንቀት እንዳልነበረ፣ እሱም ባይስቅ ይሻል እንደነበር ተናገረ። ጋሽ አጥፋው «ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለ። ሐምራዊውን መብራት ሲያበራ የአለቃው ጥርሶች ሁሉ ፍንትው ብለው በሩ፤ ከፊት አንደኛው ብቻ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሰው ሠራሽ ነው። አብረው ሲሠሩ ስንት ዘመናቸው፣ አላወቀም ነበር። ቃሉ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠው። ብሌዱን ብቻ አቀረበለት። አለቃው መስመሯን አየ፣ ተጠጋ፣ ትንፋሹን ያዘ። «ውይ» አለ። ከዚያ ወጥቶ ስልክ ሊደውል ሮጠ።

የሚስቱ ስልክ እኩለ ቀን ሳይሞላ መጣ። እጮኛው አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ «ዘግይቷል» ተብሏል፤ ምክንያቱን ሲጠይቅ «አንድ ሽማግሌ ስንጥቅ አግኝቶ» ብለውታል። ሰላምታ የለም። «አንተ ነህ አይደል?» አለች። «ነኝ።» «ሆን ብለህ ነው።» «እውነት ስንጥቅ ነው።» «ለማንም አትንገር!» ብላ ዘጋችው። ጋሽ አጥፋው የቀዘቀዘ ምሳውን ብቻውን በላ።

ማምሻውን ቤት ሲገባ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ፣ ኬኩ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ የተዋሱት ወንበሮች እንደ ወታደር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሚስቱ አላናገረችውም። ጥሩውን ኮቱን፣ ያቺን እሷ የገዛችለትን ቡናማ ኮት፣ አልጋው ላይ ወርውራለት ወጣች። ሲለብስ ልጁ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «አባዬ፣ እውነት ነበር?» አለችው። «ነበር።» «እሺ» አለችና ኮሌታውን አስተካክላ ሄደች። ከማለዳ ጀምሮ የተቋጠረው ነገር በዚያች «እሺ» ግማሹ ተፈታ።

እጮኛው ወላጆቹን ይዞ ደረሰ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ እንደ ጉንዳን የማያርፍ ሰው። እናቱ ሰፊ፣ ዝግ ያለች፣ የደከማት ሴት ናት። ሰውየው ገና ከበር ሲገባ የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ለቀቀ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ተሳሳሙ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ተቀዳ። ከዚያ ልብስ ሰፊው የቀኑን ብሶት አወጣው። «ተሳፋሪውን ሁሉ እንደ እስረኛ ወንበር ላይ ቆልፈው አዋሉት! ለምን? አንድ ሰውዬ የሆነ ብረት ላይ ጭረት አየሁ ብሎ! በባዶ ዓይን እንኳ አይታይም አሉን። እኔ ያንን ሰውዬ ባገኘው...»

የጋሽ አጥፋው ሚስት በጠረጴዛው ስር ጭኑን ቆነጠጠችው። ልጁ ኬኩን አፈጠጠችበት። እጮኛው በፕላስተር የተጠገነ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ አጥፋው።

ልብስ ሰፊው ሻዩን አስቀመጠ። ላንዳፍታ ሰርጉ በዚያች ብርጭቆ ላይ ተንጠለጠለ። «ምን ታህላለች?» አለ።

«የጥፍር ቁራጭ።»

«የቱ ጋ?»

«እግሩ ጥግ ላይ። መጋጠሚያው ጋ፣ ጉልበት የሚያርፍበት።»

«ብብት ላይ ማለት ነው» አለ ልብስ ሰፊው፣ ድምፁ ተለውጦ። «ብብት ስፌት ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ክር ከተፈታች ሰውየው እጁን ያነሳ ቀን ልብሱ እስከ ወገቡ ይሄዳል። አውቃታለሁ። እንኳን አስቀረኸን!» እርስዎ ማለቱን ረስቶታል። ወዲያው ግን ዓይኑ ከጋሽ አጥፋው ፊት ወርዶ ትከሻው ላይ ቆመ፤ እዚያው ቀረ። «ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይሄንን ኮት የሰፋው ማነው? ግራ ትከሻው ወድቋል።»

«ይሄው!» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና። «ይሄንን ነው የፈራሁት!» ከዚያ ድካሟም ተጨምሮበት የሆነውን ሁሉ አወጣችው። ባሏ ሰው ቤት ሄዶ የሰው ልብስ ሳይተች ተመልሶ እንደማያውቅ፤ ዛሬ እንዳይመጣባት ጎረቤቷን ለምና «ለነገ ጠዋት የግድ» የተባለ ሱፍ እንዳስመጣችበት፤ ማሽኑ ላይ ጥላው በደስታ ብቻዋን አውሮፕላን ማረፊያ እንደሄደች፤ አውሮፕላኑ ሲዘገይ ሲዘገይ፣ ሰውየው ሱፉን ጨርሶ፣ ክር ከንፈሩ ላይ እንደተጣበቀ እየሮጠ እንደደረሰባት። «ዛሬ በሰዓቱ ቢነሳ ኖሮ እሱ የለም ነበር!» አለች፣ ለቅሶ በሚመስል ድምፅ።

«የኔዋ በአለቃዬ በኩል ነው ያስፈጸመችው» አለ ጋሽ አጥፋው።

የሱ ሚስት ክው አለች። ሰምቷል። ከማለዳ ጀምሮ ያውቃል። መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቷ ናት፤ አፏን በእጇ ይዛ ብታፍነውም አመለጣት። ቀጥሎ እጮኛው፣ ቀጥሎ ሁለቱ እናቶች ተያይተው፣ እንባ እስኪመጣቸው። ልብስ ሰፊው ብቻ አልሳቀም። «ሳቁን ተዉት፤ ትከሻው ግን ወድቋል» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ጋሽ አጥፋው።

ሚስቱ ሳቋን አቆመች። «ምኑን ታውቃለህ?»

«ግራው ከቀኙ ይወርዳል። ከገዛሽልኝ ቀን ጀምሮ።»

«እና ለምንድነው ዝም ያልከው? አንተ?»

ጋሽ አጥፋው ጆሮው ድረስ ሞቀው። «አንቺ ነሽ የገዛሽልኝ» አለ።

ሚስቱ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ በእጇ የመርፌ ቆርቆሮና ምላጭ ይዛለች። ለልብስ ሰፊው ሰጠችው። ሰውየው ሌላ ፈቃድ አልጠየቀም። ጋሽ አጥፋውን መብራቱ ስር አቁሞ፣ ኮቱን ከላዩ ላይ ሳያወልቅ፣ ግራ እጅጌውን ፈትቶ፣ ትከሻውን አንስቶ በመርፌ ይወጋጋ ጀመር። «እጅህን ዘርጋ። ዘርጋና እንዳትነቃነቅ።»

የእጮኛው እናት ይሄ ሥራ ጎህ ሳይቀድ እንደማያልቅ ታውቃለች መሰል፣ ሻሿን አስተካክላ የመጡበትን ጉዳይ እዚያው ላይ ጀመረችው። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው አለች። ጋሽ አጥፋው አንድ ክንዱን እንደ አቅጣጫ ጠቋሚ ዘርግቶ፣ አንገቱን ማዞር ስለተከለከለ ግድግዳውን እያየ፣ ልጁ ከፈቀደች እሱ ምንም እንከን እንዳላገኘ ተናገረ። ልጁ ፈቅጃለሁ አለች። እጮኛው ደስታው አሸንፎት ብድግ አለና ሊያቅፈው እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ቀስ! መርፌ አለው!» ብለው ሁለቱ አባቶች እኩል ጮኹበት፤ አልደረሱለትም።